ስኖሞቢል ስናሻሽል የትኛውን ሪቬት፣ የትኛውን ብሎን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ያለችው ሚኒሶታ የስኖሞቢል፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚነዳ ባለ ሞተር መንሸራተቻ፣ አገር ናት። ከ20,000 ማይል በላይ የስኖሞቢል መንገድ አላት። ፖላሪስ ሰሜን ጫፍ ላይ ሮዞ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ አርክቲክ ካት ደግሞ ከቲፍ ሪቨር ፎልስ የወጡት ከዚሁ ነው። ታዲያ ከእኛ ከኢትዮጵያውያኑም ከጎረቤቱ አሮጌ ማሽን በርካሽ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ሲፈታታ የሚያመሽ አልጠፋም። አንዱ እኔ ነኝ።

የኔ ማሽን ትራኩ፣ ማለትም በረዶው ላይ የሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ፣ 121 ኢንች ነበር። ወደ 136 አሳደግኩት። ለዚህ ብዬ ታነሉን ከኋላ አስረዘምኩ፣ ላዩ ላይም የዕቃ መጫኛ ጨመርኩበት። ታነል የምለው ከመቀመጫው ስር ያለውን፣ ትራኩ ውስጡ የሚሽከረከርበትን የአልሙኒየም ላሜራ ዋሻ ነው። ሪቬት ደግሞ ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዝ፣ ውስጡ ሚስማር ያለው ትንሽ ቱቦ ነው፤ «መምታት» ስል ሚስማሩን በመሳሪያ መሳብ ማለቴ ነው። ስራውን ሁለት ጊዜ ሰርቼዋለሁ። የመጀመሪያው አንድ የበረዶ ወቅት እንኳ አልዘለቀልኝም። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ እየደወሉ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ቋንቋዬ የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ትራፓኖ (መብሻው)፣ ፑንታ (የመብሻው ጫፍ)፣ ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው)፣ ሮንዴላ (ከስሩ የሚገባው ቀለበት) እያልኩ ነው የምቀጥለው።

ፋብሪካው ለምንድነው በሪቬት የሚያያይዘው? እኔ ብበይደውስ?

አልሙኒየም ሙቀት ይጎዳዋል። ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ወይም ተጠቅጥቆ በመሰራቱ ነው። ስትበይዱት ከብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ይለሰልሳል። 6061 የሚባለው አልሙኒየም እዚያ ቦታ ላይ የመቋቋም አቅሙ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ቀጭን ላሜራ ደግሞ ይጣመማል። ታነል ከተጣመመ ትራኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ስኖሞቢል እየተላጋ የሚሄድ ነገር መሆኑንም አትርሱ። ታነሉ በየጉብታው ትንሽ ትንሽ ይተጣጠፋል። በሪቬት የተያያዘ ላሜራ ይህን ይችለዋል፤ የተበየደ መስመር ግን ከጫፉ ይሰነጠቃል። አውሮፕላንም በሪቬት የተሞላው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ምክንያት ነው።

ሪቬት ስገዛ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

ግሪፑን። ሰው ሁሉ የሚያየው የሪቬቱን ውፍረት ነው። እኔም ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

ግሪፕ ማለት ሪቬቱ አጥብቆ ሊይዘው የሚችለው የላሜራዎቹ ጠቅላላ ውፍረት ነው። የመጀመሪያውን ስራ ስሰራ ሁለት ላሜራ ነበር የማያይዘው፤ ተደማምረው 4 ሚሊ ቢሆኑ ነው። ሱቅ ሄድኩና ረጅሙን ሪቬት አነሳሁ። «ሲረዝም ምን ይጎዳል? የበለጠ ይይዛል» ብዬ። መታሁት፣ ሚስማሩ ጧ ብሎ ተቆረጠ፣ ከላይ ሲታይ ልቅም ያለ ስራ። በሁለተኛው ጉዞ ላይ ከኋላዬ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ድምፅ መጣ። ቤት ገብቼ ገለበጥኩት። አንድም ሪቬት አልወደቀም፤ ግን ሁሉም ይወዛወዛሉ።

የሆነው ይኸው ነው። ሪቬቱን ስትመቱት ውስጡ ያለው ሚስማር ይሳብና ጭራውን ያሳብጠዋል። ያ እብጠት ላሜራው ላይ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ሪቬቱ ከልክ በላይ ከረዘመ እብጠቱ ከላሜራው ርቆ ይሰራል፣ ሚስማሩም ሁለቱን ላሜራ ሳያጣብቅ ይቆረጣል። ካጠረ ደግሞ የሚያብጥ ጭራ የለውም። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ያምራሉ። ችግሩም ይኸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ሪቬቶች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ውፍረቱ በ32ኛ ኢንች ነው፤ ሁለተኛው ትልቁ ግሪፕ በ16ኛ ኢንች ነው። 64 የሚል ካያችሁ ውፍረቱ 6/32 ማለትም 3/16 ኢንች፣ ግሪፑ እስከ 4/16 ማለትም 1/4 ኢንች ነው። ከ3.2 ሚሊ እስከ 6.4 ሚሊ ድረስ ላለ ውፍረት ይሆናል ማለት ነው። ለኔ 4 ሚሊ ላሜራ የሚሆነው ይህ ነበር። እኔ የገዛሁት 68 ነው፤ ግሪፑ እስከ ግማሽ ኢንች!

ስለዚህ ካሊፐር፣ ማለትም የውፍረት መለኪያ፣ ግዙ። ርካሹም ይበቃል። ላሜራዎቹን ደራርባችሁ፣ ቀለሙንም ሮንዴላውንም ጨምራችሁ ለኩ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ነው ሱቅ መሄድ።

ውፍረቱስ? 3/16 ወይስ 1/4?

ታነል ላይ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 4.8 ሚሊ፣ የተለመደው ነው። ፋብሪካው 1/4 የመታበት ቦታ ላይ እናንተም 1/4 ምቱ። 1/8 ኢንቹ ለስም ሰሌዳና ለመሳሰለው ነው፤ ጭነት ያለበት ቦታ አታስጠጉት።

አልሙኒየም፣ ብረት ወይስ ስቴንለስ?

በጥቅሉ በተመሳሳይ ውፍረት ተራው የብረት ሪቬት ከተራው አልሙኒየም እጥፍ ያህል ይችላል። ስቴንለሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሄዳል። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ስቴንለስ ይላል። ቆይ።

መጀመሪያ ማሽናችሁ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ማግኔት አስጠጉበት። ብዙ ጊዜ ገላው አልሙኒየም፣ ሚስማሩ ብረት የሆነ ታገኛላችሁ። ፋብሪካው በብዙ ሪቬት ጭነቱን አከፋፍሎታል። እናንተም በአንድ ብርቱ ሪቬት ፋንታ አራት መካከለኛ ብትመቱ ላሜራው ይወደዋል። ቀጭን አልሙኒየም ላይ ከባድ ስቴንለስ ሲመታ የሚቀደደው ሪቬቱ ሳይሆን ቀዳዳው ነው። ሪቬት መተካት የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። የተቀደደ ታነል ግን ቅዳሜና እሁዳችሁን ይበላል።

የኔ ምርጫ፦ ለታነል ማራዘሚያ ገላው ወፍራም አልሙኒየም፣ ሚስማሩም ውስጡ ተቆልፎ የሚቀር ስትራክቸራል ሪቬት። ብረት ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ የብረት ሪቬት። ስቴንለስ እርጥበትና ጨው በሚበዛበት፣ ላሜራውም ወፈር ባለበት ቦታ ብቻ።

ስትራክቸራል ሪቬት ከተራው በምን ይለያል?

ተራው ሪቬት ከተመታ በኋላ ባዶ ቱቦ ነው። የተቆረጠው የሚስማሩ ጭንቅላት ውስጡ ይቀራል፤ ግን ብዙ ጊዜ ተራግፎ ይወድቃል። ከዚያ ጭነቱን የሚሸከመው ቀጭኑ ቱቦ ብቻ ነው። ስትራክቸራሉ ላይ ሚስማሩ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ውስጡ ተቆልፎ ይቀራል። ቀዳዳውንም ሲያብጥ ይሞላዋል። ስለዚህ ንዝረትን ይችላል፣ ውሃም ቶሎ አያስገባም። ማግና-ሎክ እና ሞኖቦልት የሚባሉት የታወቁ ናቸው።

ዋጋው ውድ ነው። በእጅ መምቻ፣ ማለትም ሚስማሩን በሚስበው መሳሪያ፣ መምታቱም ላብ ያስወጣል። ግን ለታነል የምትፈልጉት ከሠላሳና አርባ አይበልጥም፤ እዚህ ላይ አትሰስቱ።

አልሙኒየም ላይ ስቴንለስ ብመታ አይበላውም?

ሊበላው ይችላል። ሁለት የተለያየ ብረታ ብረት ከተነካካና መካከሉ ጨዋማ ውሃ ከገባ ትንሽ ባትሪ ይሆናል። በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቀዳዳው ዙሪያ ካያችሁ እሱ ነው።

የሚገርመው መጠኑ ወሳኝ መሆኑ ነው። ሰፊ አልሙኒየም ላይ ትንሽ የስቴንለስ ሪቬት ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። ሰፊ ስቴንለስ ላይ ትንሽ የአልሙኒየም ሪቬት ከመታችሁ ግን ሪቬቱ ቶሎ ያልቃል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የካርቦን ፋይበር ክፍል ከአልሙኒየም ጋር ስታያይዙም ያው ጠላትነት አለ።

በረዶው ራሱ ጨው የለውም። ጨው ያለው አውራ ጎዳናው ላይ ነው። ማሽኑን ክፍት ተጎታች ላይ ጭናችሁ ሦስት ሰዓት ስትነዱ ጨዋማው ውሃ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚረጨው። ሪቬቱን ከመምታታችሁ በፊት ቀዳዳው ውስጥ ዝገት መከላከያ ቅባት ወይም ፕራይመር ቀቡ። ስትመለሱም በንጹህ ውሃ እጠቡት።

ሪቬቱን ከየትኛው ወገን ልምታው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ታነሉ ውስጥ ትራክ ይሽከረከራል። ትራኩ የጎማ ጥርስ አለው፣ አንዳንዴም የብረት እሾህ ተተክሎበታል። በተቻለ መጠን ጠፍጣፋው ጭንቅላት ወደ ውስጥ፣ ያበጠው ጭራ ወደ ውጭ ይሁን። ውስጥ ለውስጥ የወጣ ጭራ ወይ ትራኩን ይቧጥጣል፣ ወይ ራሱ ይቆረጣል።

ሁልጊዜ አይቻልም። መቀመጫውንና የነዳጅ ታንኩን ካላወረዳችሁ ከላይ እጃችሁ አይገባም። አውርዱት እንጂ! ትራፓኖ ታንክ አጠገብ ማስነሳት ለማንም አይመከርም። ነዳጁ ከወረደ በኋላም ትነቱ ይቆያል፤ የጋራዡን በር ክፈቱ፣ ብርድ ቢሆንም።

ሌላው አደጋ ማቀዝቀዣው ነው። ሞተራቸው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ማሽኖች ራዲያተራቸው ታነሉ ውስጥ ተለጥፎ ነው ያለው፤ በረዶው እየተረጨበት እንዲያቀዘቅዘው። ከላይ ስትበሱ ታነሉ ብቻ መስሏችሁ ማቀዝቀዣውን ከበሳችሁ አረንጓዴ ውሃ ሲፈስ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ከስር ገብታችሁ በባትሪ አብሩና ምልክት አድርጉ።

ቀዳዳውን በስንት ፑንታ ልብሳው? ከጠርዝስ ምን ያህል ልራቅ?

ለ3/16 ሪቬት ቁጥር 11 ፑንታ ነው። በሚሊ 4.9 ይሆናል። ለ1/4 ደግሞ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበት ፑንታ፣ ወይም 6.5 ሚሊ። ቀዳዳው ከሰፋ ሪቬቱ ሳይሞላው ይቀራል።

ከቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ጠርዝ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ተዉ። ለ3/16 ወደ 10 ሚሊ ነው። በሁለት ሪቬት መሃል ቢያንስ ሦስት እጥፍ። እዚህ ላይ መሸራረፍ የለም፤ ጠርዝ የተጠጋ ቀዳዳ ቀድሞ የሚቀደድ ነው።

ሁለቱን ላሜራ አንድ ላይ ይዛችሁ ብሱ። ከዚያ ለያዩዋቸውና በመካከል የገባውን ብናኝ ጥረጉ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በትልቅ ፑንታ በእጃችሁ አሽከርክራችሁ አለስልሱ። ብናኙ ካልተጠረገ ላሜራዎቹ አይገጥሙም፤ ዛሬ ያጠበቃችሁት ነገ ብናኙ ሲደቅ ይላላል።

ለጊዜው የሚይዙ ክሌኮ የሚባሉ ትንንሽ መያዣዎች አሉ። አውሮፕላን የሚሰሩ ሰዎች ይወዷቸዋል። ለ3/16 የሚሆነው የነሐስ ቀለም ያለው ነው። ስድስት ብትገዙ ይበቃችኋል። እነሱ ባይኖሩ እንኳ ትንንሽ ብሎንና ዳዶ እያስገባችሁ ማሰር ትችላላችሁ። ከመሃል ወደ ዳር እየመታችሁ ሂዱ።

የድሮውን ሪቬት እንዴት ነው የማወጣው?

መጀመሪያ መሃሉ ላይ የቀረውን ሚስማር በቀጭን የብረት ዘንግና በመዶሻ ወደ ውስጥ ግፉት። ሳታደርጉ በትራፓኖ ከጀመራችሁ ፑንታው ጠንካራው ሚስማር ላይ ይንሸራተትና ላሜራውን ይጭራል። ከዚያ ጭንቅላቱን ብቻ ብሱ፤ ሲላቀቅ አቁሙ። የቀረውን መትታችሁ አውጡ። ሪቬቱ አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ ጭራውን በፒንሳ ያዙለት። የወጡትን ቁርጥራጮች ቁጠሩ። አንዷ ቺንጊያው ወይም ክላቹ ዘንድ ገብታ ብትቀር ወጪው ብዙ ነው።

ፕላስቲክ ላይስ? የበረዶ መከላከያ ሽፋኑን ወይም ከኋላ የሚንጠለጠለውን የጎማ መከለያ?

ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነ ሪቬት ተጠቀሙ፤ ከኋላም ሮንዴላ አድርጉ። ጭራው እንደ አበባ በሦስት ወገን የሚከፈት ዓይነትም አለ፤ ለስላሳ ነገር ላይ ያ ይሻላል። ቀዳዳውን ትንሽ ሰፋ አድርጉት። ፕላስቲክ በብርድ ከአልሙኒየም ይበልጥ ይኮማተራል፤ ካልተላወሰ ይሰነጠቃል።

በሪቬት ፋንታ ብሎን ባስርስ? ሲያስፈልግ ይፈታል።

ለዕቃ መጫኛ እስማማለሁ። መጫኛው በጋ ላይ መውረድ አለበት። ለታነሉ መገጣጠሚያ ግን ብሎን ከሪቬት ይከብዳል፣ ቀዳዳውንም አይሞላም፣ ጭንቅላቱ ወይ ዳዶው ወደ ትራኩ ይወጣል።

ብሎን ስትመርጡ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። በሚሊ ከሆነ 8.8 ወይም 10.9 ይላል። በኢንች ከሆነ ሦስት ጭረት ግሬድ 5፣ ስድስት ጭረት ግሬድ 8 ነው። ምንም የሌለበትን ለአጥር ተዉት። ስቴንለስ ብሎን የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ሰው ይበረታል ብሎ ያስባል። አይደለም፤ ኤ2-70 የሚለው የተለመደው ስቴንለስ ከ8.8 ያነሰ ነው። ስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ በፍጥነት ስታጠብቁት ደግሞ ጥርሱ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቅባት ሳታደርጉ አትሞክሩት።

አሮጌ ማሽን ላይ ሚሊና ኢንች ተደባልቀው ይገኛሉ። 5/16 ኢንች ብሎን 7.94 ሚሊ ነው። 8 ሚሊ ዳዶ ላይ ትንሽ ዙር ይገባና ይያዛል። በጉልበት ከገፋችሁት ጥርሱ አለቀ። ምናለሽ ተራ ያደገ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል።

ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ ምን ላድርግ?

ውስጡ ናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ጥሩ ነው። ግን ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ናይለኑ አይችልም። ስለዚህ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) አጠገብ ሙሉ ብረት የሆነውን መቆለፊያ ዳዶ አድርጉ። ናይለኑ አንዴ ከተፈታ በሌላ ተኩት፤ ሳንቲም ነው ዋጋው።

ዳዶ ለሌለበት ቦታ ሰማያዊው ሎክታይት፣ ማለትም የብሎን ጥርስ ላይ የሚቀባ ሙጫ፣ አለ፤ በእጅ ቁልፍ ይፈታል። ቀዩን አትንኩት። እሱን ለመፍታት ወደ 260 ዲግሪ ማሞቅ ይጠይቃል፤ ፕላስቲክና ነዳጅ አጠገብ ደግሞ እሳት አይገባም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሎክታይት በብርድ በጣም ይዘገያል። ጥር ላይ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ቀብታችሁ በማግስቱ ደርቋል ብላችሁ አትውጡ። ማሽኑ አጠገብ ማሞቂያ አስቀምጡ፤ ዘይቱንም አስቀድማችሁ ጥረጉ።

ከኋላ እጅ የማይገባበት ቦታ ላይ ብሎን ብፈልግስ?

ሪቭነት። እንደ ሪቬት ተመትቶ ውስጡ የብሎን ጥርስ የሚሰጥ ነገር ነው። ታሪኩ ለእኛ ይስማማል፦ በ1930ዎቹ የጎድሪች ኩባንያ ያወጣው የአውሮፕላን ክንፍ ላይ በረዶ የሚያራግፍ ጎማ ለማሰር ነበር። ለዕቃ መጫኛ፣ ለመብራት፣ ለትንሽ ሳጥን እወደዋለሁ። ግን ቀዳዳው ከሰፋ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይሽከረከራል፤ ያኔ መገላገያ የለውም። ቀዳዳውን በልኩ ብሱ፣ ሲገኝ ስድስት ጎን የሆነውን ውሰዱ።

ራሱ እየበሳ የሚገባ ቪቴ?

አይሆንም።

የእጅ መምቻው ይበቃል ወይስ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል?

ለ3/16 አልሙኒየም ሁለት እጀታ ያለው ረጅሙ የእጅ መምቻ ይበቃል። ስቴንለስ ወይም 1/4 ስትራክቸራል ከሆነ በአየር የሚሰራውን ተከራዩ ወይም ከጎረቤት ተዋሱ። ለሠላሳ ሪቬት ተብሎ አይገዛም።

ጨርሶ መንካት የሌለብኝ የትኛው ነው?

መሪው፣ ፍሬኑ፣ የሰስፔንሽኑ ማሰሪያ ብሎኖች። እዚያ የሚገባው ፋብሪካው የመደበው ብሎን ብቻ ነው፤ አጠባበቁም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ፣ በማኑዋሉ ቁጥር። አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ደግሞ ከሪቬቱ በተጨማሪ በጠንካራ ሙጫ የተጣበቁ ክፍሎች አሉ። ሪቬቱን ብታወጡም አይላቀቁም። በጉልበት ፈልቅቄ አወጣዋለሁ ያለ ሰው ላሜራውን ነው የሚያጣምመው።

ሰርቼ ጨረስኩ። መላላቱን በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያውን ጉዞ አጭር አድርጉት። ስትመለሱ በረዶውን አቅልጣችሁ በባትሪ እያንዳንዱን ሪቬት ተመልከቱ። ጭንቅላቱ ዙሪያ ጭስ የመሰለ ጥቁር ጭረት ካያችሁ ያ ሪቬት ይንቀሳቀሳል። ጥቁሩ ነገር ላሜራው እየተፋተገ የተፈጨ አልሙኒየም ነው። የአውሮፕላን መካኒኮች «የሚያጨስ ሪቬት» ይሉታል። በጣታችሁ ጥረጉት፣ እንደገና ንዱ፣ ከተመለሰ አውጡት። ቀዳዳው ካልሰፋ ያንኑ ልክ መልሳችሁ ምቱ። ከሰፋ ወደ 1/4 አሳድጉት፤ ግን የጠርዙን ርቀት መጀመሪያ ለኩ፤ ለ1/4 የሚያስፈልገው ወደ 13 ሚሊ ነው። እኔ ጋ ሁለቱ አጭሰዋል። ሁለቱም ብናኙን ሳልጠርግ የመታኋቸው ናቸው።